የሚቆም ሰው የሌለው ሪም

በደብረ ታቦር ገበያ ዳር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ስቀመጥ፣ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ሱሪ ለማስጠበብ ብቻ አልነበረም። ምክር ለመውሰድም ይመጣ ነበር። ስፌቴ በዋጋ ነው፣ ምክሬ ግን በነጻ። አሁን ሳስበው መሆን የነበረበት ተገላቢጦሹ ነው፤ ስፌቱን በነጻ ሰጥቼ ለምክሬ ካሳ ልከፍል ይገባኝ ነበር።

በተለይ የመሬት ነገር ሲነሳ እኔን የሚያህል የለም። የራሴ የምለው መሬት የበሬ ቆዳ እንኳ አያህልም፣ ምክሬ ግን ጋሻ መሬት ይሸፍናል። «ድንበሩን ከሻጩ ጋር ብቻህን አትዙር፣ አዋሳኞቹን ይዘህ ዙር። በበጋ ያየኸውን ማሳ በክረምት ሂደህ እየው፣ ውኃ የሚተኛበት መሬት ሁሉ በበጋ ጨዋ ነው። ሻጩ እኅት እንዳለችው ጠይቅ፤ ካለችው ባሏን ሳይሆን ራሷን አስምላት።» ይህን ሁሉ የምለው መርፌ በከንፈሬ ይዤ ነው። ሰው መርፌ በአፉ ይዞ የሚናገር አይዋሽም ብሎ መሰለኝ ያምነኝ ነበር።

ጣሊያን ከገባ በኋላ ነው እንግዲህ ነገሩ። እኔና ሚስቴ ከጣሊያኖቹ ካምፕ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አንድ ቀን የቤቱ ጌታ መጣና እግሩን እግሩን እያየ ቆመ።

«ልትለቁልኝ ነው» አለ። «የጣሊያኖቹ ወጥ ሠሪ ክፍሏን ለማካሮኒ ማስቀመጫ ፈልጓታል።»

«ማካሮኒ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። የሚበላ ነው አሉ።»

«ከእኛ የተሻለ ይከፍላል ማለት ነዋ» ብዬ ሳቅሁ። ሚስቴ አልሳቀችም። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር፤ ገና ሆዷ ባይታይም እሷ ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ።

አባቷ ሲድሯት በማጫ የሰጧት ሁለት በሬዎች ነበሯት። እዚያው በአባቷ ዘንድ ይጠመዱ ነበር። «ሽጣቸውና መሬት ግዛ» አለችኝ። «ልጄን የሰው ቤት አልወልድም።» አማቴ ይህን ሲሰሙ ከገጠር ድረስ በእግራቸው መጡ። ገበሬ ናቸው፣ ቃል አያበዙም።

«በሬ እግር አለው» አሉኝ። «ቢጠፋ ፈልገህ ታገኘዋለህ። መሬት ግን የሚጠፋብህ እዚያው ቆሞ እያየኸው ነው።»

«ኧረ አባቴ፣ አይስጉ። ይኼ አገር መሬት ሲገዛ እኔን አማክሮ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምሰጋው» አሉ።

መሬቱን ያገኘሁት ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ካለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው። ሻጯ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ እማሆይ ናቸው፤ ሸጠው ገዳም ሊገቡ ነው። አንድ ደህና ትልቅ ቤት፣ ከጓሮው አንዲት ትንሽ ቤት፣ ከሥሩ ጥቁር አፈር ያለው ማሳ። ሪም መሆኑንም ነግረውኛል፣ አልደበቁኝም። ለማያውቀው ልንገረው፤ ሪም ይሸጣል ይለወጣል፣ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተሸክሟል። የያዘው ሰው ወይ ራሱ ማኅሌት ይቆማል፣ ወይ የሚቆምለት ደብተራ ያቆማል። የሚቆም ሰው ከጠፋ ቤተ ክርስቲያኑ መሬቱን ነጥቆ ለሚያስቆም ይሰጣል። እማሆይ ሲሶውን እህል እየሰጡ የሚያቆሙት ጎልማሳ ደብተራ ነበራቸው። ድምፁን በጥምቀት ሰምቼዋለሁ፤ ሰማይ የሚከፍት ድምፅ ነው። መሬቱን ስገዛ እሱም አብሮ የሚመጣልኝ መስሎኝ ነበር፣ እንደ በርና እንደ መቀርቀሪያው።

የሽያጩ ዕለት በግንቦት ነበር። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፤ ጣሊያን የሾመው የሰፈሩ ሹምም አዲስ ጫማውን አድርጎ መጣ። እኔ ያን ቀን ያሳየሁትን ብልጠት ምነው ባላሳየሁት። አዋሳኞቹን ከያሉበት አስጠርቼ ድንበሩን አዞርሁ። ድንጋይ ሁሉ በእጄ ነካሁ። የእማሆይን ወንድም አስማልሁ፣ የወንድማቸውን ልጅ አስማልሁ፣ አንዲት የማይሰሙ አክስታቸውን በምልክት አስማልሁ። በመጨረሻ ከማሳው አፈር ቆንጥሬ ቀመስሁ። ምን እንደምፈልግበት እኔም አላውቅም።

«እህሳ?» አሉኝ አንዱ ሽማግሌ።

«ጨው ይጎድለዋል» አልሁ። ሳቁ። ሹሙም ሳቀ።

የቀረ አንድ ጥያቄ ነበር፤ የሚቆመው ሰው የት ነው?

በዚያን ዘመን ግን ሰው የት እንዳለ አይጠየቅም። ጎልማሳ ከቤቱ ከጠፋ፣ ጠፋ ነው። እናቱ ደጅ ሂደህ «ልጅሽስ?» አትልም፤ «እንደምን አደራችሁ» ብለህ ታልፋለህ። ጫካ የገባ ሰው ስሙ ሲነሳ ማን ጆሮውን እንደሚያቆም አይታወቅምና፣ አለመጠየቅ ጨዋነት ሆኖ ነበር። ከመንገድ ያገኘኸውን ሰው ስለ ላሙ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ወገቡ ትጠይቀዋለህ፣ ስለ ልጁ አትጠይቀውም።

አንዱ ሽማግሌ «እንግዲህ የሚቆመውስ ነገር…» ብለው ጀመሩ። ከጎናቸው ያሉት ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «ፀሐይዋ ዘቀዘቀች» አሉ። እማሆይ መቁጠሪያቸውን አዩ። ሹሙ ጫማውን አየ። እኔ ሁሉንም አየሁ። አልገባኝም ብል ውሸት ነው፤ ጥያቄው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ብጠይቅ ግን መልሱ በሹሙ ፊት ነው የሚወጣው፣ አሮጊቷንም ያሳስራል። ስለዚህ ጨዋ ሆንሁ። ደግሞም መሬቱን ወድጄው ነበር፤ ስንቱ ጨዋነት ስንቱ ስስት እንደነበረ ለይቼ አላውቅም። ዝምታው ሲከብደኝ «አፈሩን ቀምሼ ጾሜን ፈትቻለሁ፣ ከእንግዲህ ወዲያ መመለስ የለም» አልሁ። ደግመው ሳቁ፣ ውሉም ታሰረ።

ገባንበት። ሚስቴ ትልቁን ቤት በጭቃ መረገች፣ በእበት ለቀለቀች፣ ከበሩ ፊት ጎመን ተከለች። ጎረቤት ሲመጣ «የእኛ» የምትለው ቃል ከአፏ አይጠፋም፤ «የእኛ ጓሮ»፣ «የእኛ ድንበር»። እኔም ገበያ ላይ ምክሬን በእጥፍ አበዛሁ። አሁን ባለ መሬት ነኛ።

መስቀል ካለፈ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ አስጠሩኝ። ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«ልጄ፣ ሰውህ ከፋሲካ ወዲህ የለም» አሉኝ።

«የትኛው ሰው?»

«የሚቆምልህ።»

«እኔ እኮ በግንቦት ነው የገዛሁት፣ አባቴ። ታዲያ የት…»

እጃቸውን አነሱ። «የት አትበለኝ። የለም። እማሆይ ይመለሳል ብለው ታገሥኋቸው፣ አንተንም ክረምቱን ታገሥሁህ። ሹሙ ግን መሬቱን ጠይቋል። የሚያቆመው ሰው አለኝ ይላል። እስከ ኅዳር ሚካኤል ካላቆምህ የምመልስለት ቃል የለኝም።»

ከፋሲካ ወዲህ። እንግዲህ እኔ አፈር ስቀምስ፣ ደንቆሮ አክስት ሳስምል፣ ሰውየው ጫካ ከገባ ሰንብቷል። ክረምቱን ሙሉ ቦታው ባዶ መሆኑን ያላየሁት ደግሞ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከደጅ ስለማላልፍ ነው፤ ቀልዴ የሚያስቆጣው ሰው የሚበዛው ውስጥ ነው።

ለሚስቴ ነገርኋት። ጎመኑን እየቀነጠሰች ነበር።

«በሬዎቼስ?» አለች።

«በሬዎቹማ ተሸጠዋል።»

«ተሸጠው የት ደረሱ እያልሁህ ነው?»

«እዚህ» አልሁ፣ በእግሬ መሬቱን እየነካሁ። ቀና ብላም አላየችኝ።

ደብተራ ፍለጋ ወጣሁ። ወጣት ያልሁት ጠፍቷል። ሽማግሌ ያልሁት ለሦስት መሬት ይቆማል፣ ለአራተኛ ጉልበት የለውም። የቀረው ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ይፈልጣል። ሁሉም «እግዜር ይርዳህ» እያሉ ይሸኙኛል። የሚረዳ ሰው ስፈልግ እግዜርን እየሰጡ መለሱኝ።

በመጨረሻ ራሴ ልቆም ቆረጥሁ። በልጅነቴ ይፋግ ሄጄ ቆሎ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር፤ ከዳዊት ትንሽ ፈቀቅ ሳልል ነው የሸሸሁት። ከጓሮ ሁኜ ዜማ መለማመድ ያዝሁ።

«አንተ ሰው» አለች ሚስቴ በሦስተኛው ቀን፣ «የጎረቤት ላም ወተቷን ከለከለች ተብያለሁ።»

«ከዜማው ነው?»

«ዜማ ነው እንዴ?»

በጥቅምት ሚካኤል ዕለት ከደብተራዎቹ መስመር ጫፍ ቆምሁ። አለቃ አይተውኝ አላስወጡኝም፤ ቸግሯቸው ይሆናል። መቋሚያ በግራ፣ ጸናጽል በቀኝ። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበርሁ፤ ሲወዛወዙ እወዛወዛለሁ፣ አፌን ሲከፍቱ እከፍታለሁ፣ ድምፅ አላወጣም። ኋላ ግን ሰውነቴ ሞቀና ራሴን ደብተራ አድርጌ ቆጠርሁ። ሁሉም ድንገት ጸጥ ሲሉ የእኔ ጸናጽል ብቻውን ሸከሸከ። ደነገጥሁና ድምፄን አወጣሁ። ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ እንጃ። በር ሲሳብ የሚያሰማው ዓይነት ነው።

መስመሩ ቆመ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ወንዶቹም። እኔ ሰውን ሳስቅ የኖርሁ ነኝ፣ ሳቅ ሲመጣ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔው ነኛ የምልከው። ያን ዕለት ግን ሳቁ ሳልልከው መጣ። ፊቴ እንደ ምጣድ ጋለ። ሹሙ ከአምዱ ሥር ቆሞ አልሳቀም፤ መሬቱን እያሰበ ነበር።

አለቃ በቀስታ መጡና እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ፣ መቋሚያውን ስጠኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ስወጣ አማቴ ከደጁ ቆመው አገኘኋቸው። ሁሉንም ሰምተዋል።

ወደ ቤት አብረን መንገድ ጀመርን። ከመንገዱ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሴትዮዋን አልጠየቅሃትም ነበር?» አሉ።

«ሹሙ ነበራ አባቴ። እንዴት አድርጌ?»

«ስትሸኛት በጆሮዋ አትጠይቃትም?»

እውነታቸውን ነው። ያን ቀን እማሆይን እስከ ወንዙ ድረስ ሸኝቻቸዋለሁ፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ወንዙን እስኪሻገሩ ድረስ ስቀልድላቸው ነበር። አሁን ሳስበው ሊነግሩኝ አፋቸውን ሁለት ጊዜ የከፈቱ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ቀልዱን አልጨረስሁም ነበር።

«እታች ወንዛዬ» አሉ አማቴ መራመድ ጀምረው፣ «አንድ ዓይነ ስውር የኔታ አለ። ወገቡን ፍል ውኃ ሊያስመታ ወርዶ እዚያው ቀርቷል። ማኅሌት ያውቃል ይባላል።» ይህን ብለው ወደ አገራቸው ታጠፉ። ቤት አልገቡም።

ወንዛዬ ስወርድ ቆላው ሞቆኝ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የደረስሁት። ፍል ውኃው ዳር ሰው ሞልቷል፣ እንፋሎቱ ፊት አያሳይም። የኔታን የት አገኛቸዋለሁ ስል አንዱ በአገጩ ወደ ውኃው ጠቆመኝ። እስከ አንገታቸው ተነክረው ተቀምጠዋል። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ራቁቱን ላለ ሰው እንዴት እንደሚነገር የሚያስተምር ሽማግሌ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከዳር ሁኜ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሲሶውን እህል እሰጣለሁ አልሁ።

«ማሳው ስንት ጥማድ ነው? ድንበሩ በማን በኩል ነው?» አሉ። ነገርኋቸው። «ወራሽ አለው?» «አስምያለሁ።» «የቀድሞው ሰውዬ የት ሄደ?»

«የኔታ፣ ይኼ ነገር አይጠየቅም።»

«አንተ ዓይን አለህ፣ ሳትጠይቅ ታልፋለህ። እኔ ካልጠየቅሁ ገደል እገባለሁ። ግባና በጆሮዬ ንገረኝ።»

«ወደ ውኃው?»

«እኔ ከምወጣ አንተ ብትገባ አይቀልም?»

ልብሴን አውልቄ ገባሁ። ውኃው ያቃጥላል። ተጠግቼ በጆሯቸው ነገርኋቸው፤ በግንቦት እማሆይን ልጠይቃቸው ይገባኝ የነበረውን ነገር፣ መልሱን ይዤ በጥቅምት ለሌላ ሰው ጆሮ አደረስሁት። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው ቦታው የእሱ ነው፤ እስኪመለስ እቆማለሁ። ሲሶ ግን አልፈልግም፣ እኩሌታ ነው። ትልቁንም ቤት እፈልጋለሁ።»

«የኔታ፣ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት። በዚህ ወር ወይም በሚመጣው…»

«ትንሽ ቤት አለ አላልኸኝም?»

«አለ፤ ግን ጣሪያው ያፈሳል።»

«ታዲያ ዕውር ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ይሰጠዋል? ለሹሙ ልቀቅለት እንግዲያው። እኔ እዚህ ሞቆኛል።»

ሰውየው እንደ እኔ መሬት አልቀመሱም፣ ድንጋይ አልነኩም፤ ግን እየገዙ ያሉት እሳቸው ናቸው፣ የምሸጠው እኔ ነኝ። «እሺ» አልሁ።

«አንድ ነገር ደግሞ» አሉ። «በንግሥ ቀን በትሬን ይዘህ አንተው ራስህ ትመራኛለህ። ልጅ አትልክብኝ። ልጅ ቢጥለኝ ይስቃል። አንተ ግን ብትጥለኝ መሬትህ ነው የሚወድቀው።»

ቤት ስደርስ ሚስቴ የምለውን ሁሉ ቁማ ሰማችኝ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትልቁን ቤት ዙሪያውን አየችው፣ የመረገችውን ግድግዳ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ክዳኑን ቶሎ አሳድሰው» አለች። «የትንሹን ቤት።»

የኅዳር ሚካኤል ዕለት የኔታን በበትራቸው እየመራሁ ወጣሁ። መንገዱ ሁሉ የማውቀው ሰው ነው፤ ሱሪ የሰፋሁለት፣ ምክር የሰጠሁት። አንዳንዱ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል፣ አንዳንዱ ፊቴን ሳያይ በትሩን አይቶ ይሳሳትና የለማኝ መሪ አድርጎኝ ሳንቲም ሊሰጠን ይዘረጋል። የኔታ «ተቀበለው» ይሉኛል። እቀበላለሁ።

ከመስመሩ ጫፍ አቆምኋቸውና ወደ ደጅ ወጣሁ። ድምፃቸው ሲነሳ እኔ ያለሁበት ድረስ መጣ፤ እንደ ጎልማሳው ሰማይ የሚከፍት አይደለም፣ ዝቅ ያለ፣ የለሰለሰ፣ እንደ ቆየ ጠላ ነው። ማንም አልሳቀም። አለቃ ከመቅደሱ በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው አዳመጡ። ሹሙ ቅዳሴ ሳያልቅ ወጣ፣ በአጠገቤም አለፈ፣ አላየኝም። መሬቱ ተረፈ።

ከሰዓት በኋላ ዕቃ ማዛወር ጀመርን። የኔታ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሚስቴ መውለጃዋ ደርሶ ጎንበስ ማለት አትችልም፤ ቢሆንም ድስቱንም ወንፊቱንም አንድ በአንድ እየያዘች ከትልቁ ቤት ወደ ትንሹ ትመላለሳለች። ተዪ ብላት አትሰማኝም። ከበሩ ስትወጣ ጎመኗን እንዳትረግጥ ትጠነቀቃለች፤ ጎመኑ እንግዲህ ከየኔታ በር ፊት ነው ያለው።

አማቴ ለንግሡ መጥተው ነበር። ከደጁ ቆመው ልጃቸው ስትመላለስ ለጥቂት ጊዜ አዩ። እኔ የጠፍር አልጋውን ብቻዬን ልጎትት እየታገልሁ በሩ ላይ ተቀርቅሬያለሁ። አንድ ነገር ልበል፣ የሚያስቅ ነገር ልበል ብዬ አፌን ከፈትሁ፣ ምንም አልመጣልኝም። ስድብም ጠበቅሁ፣ ስለ በሬዎቹ፣ ስለ ምክሬ፣ ስለ ጥቅምቱ ዜማ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋቢያቸውን አውልቀው ከአጥሩ ላይ ጣሉት። መጡና የአልጋውን ሌላኛውን ጫፍ አነሱ።

«ያዝ» አሉኝ።